ጨጓራ ነው ብዬ ነበር

ከግንፍሌ ወደ አራት ኪሎ የሚያወጣውን ዳገት 18 ዓመት በእግሬ ተመላልሼበታለሁ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ከምጠብቅ መራመድ ይሻለኛል የምል ሰው ነኝ። አምና የገና ሰሞን ግን ዳገቱ ረዘመብኝ። መሃል ላይ ስደርስ ደረቴን አንዳች ነገር ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል። ስልኬን የማይ መስዬ ሁለት ሦስት ደቂቃ እቆማለሁ። ይለቀኛል። እቀጥላለሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለራሴ ግን መልሱ ቀላል ነበር። በባዶ ሆድ ቡና እየጠጣህ ጨጓራህን አስቆጣኸው፣ አልኩት ራሴን።

ሌላውን ሳያነብ የሚሄድ ሰው ካለ ይቺን ብቻ ይዞ ይሂድ። ጨጓራ ዳገት አያውቅም። ስትራመድ ይዞህ ስትቆም የሚለቅህ የደረት ህመም ካለ፣ ከሆድህ በፊት ልብህን ጠርጥር። ልብ ሥራ ሲበዛበት ተጨማሪ ደም ይፈልጋል። ደም የሚያመጣለት ቧንቧ ከጠበበ ዳገት ላይ ይጮኻል፣ ስትቆም ዝም ይላል። የእኔ ልብ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጮኸብኝ። እኔ ስልኬን ሳይ ነበር።

ሥራዬ እርማት ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ማተሚያ ቤት አለ። እዚያ ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው የጻፈውን አነባለሁ፣ ስህተቱን በቀይ እስክሪብቶ አከብባለሁ። የአንድ ፊደል መሳት እንቅልፍ ይነሳኛል። የራሴን ግን ሳላይ አለፍኩት።

ማክሰኞ ነበር። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ። የጥርን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ፀሐይ ወጥታም ጥላ ውስጥ ይቆነጥጣል። የድል ሐውልቱ ጋ ስደርስ ያ ጭምደዳ መጣ። እንደ ልማዴ ቆምኩ፣ ስልኬን አወጣሁ። አልለቀቀኝም።

እንዴት ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አይወጋም፣ አይቆርጥምም። ይከብዳል። እኛ ጋ የወረቀት ካርቶን ከመኪና ሲወርድ ደረታችን ላይ ደግፈን ነው የምናስገባው። አምስት ስድስት ካርቶን ደራርበው ደረቴ ላይ አስቀምጠው የሄዱ መሰለኝ። መንጋጋዬን እንደ ጥርስ ህመም ጠዘጠዘኝ። ግራ ክንዴ ዛለ። ከሁሉም የገረመኝ ላቡ ነው። በዚያ ብርድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ። ላቡ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው።

እንዴት ሥራ ቦታ እንደደረስኩ አላስታውስም። ስደርስ ግን ሐኪም አላጣሁም። የጥረዛ ክፍሏ ልጅ «ብርድ ነው ጋሼ፣ ትናንት መስኮቱ ስር ነበር የተቀመጡት» አለችኝ። ጥበቃው ተልባ በጥብጦ መጠጣት ነው አለ። የማሽኑ ልጅ ኪሱ ገብቶ ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ ኪኒን አወጣልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ኦሜፕራዞል በኪሱ የማይዝ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዋጥኩት። ተልባውንም ጠጣሁት። ካርቶኖቹ አልተነሱም።

ረፋድ ላይ በአቅራቢያችን ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቱ ሆዴን እየተጫነ «እዚህ ጋ ያምዎታል?» አለኝ። ሲጫኑት የማያም የማን ሆድ ነው? ያማል አልኩት። የሰገራ ምርመራ አዘዘ። «ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ ነዎት» አለኝና ሁላችንም እፎይ አልን። ያ የጨጓራ ባክቴሪያ በአገራችን ስንትና ስንት ሰው ሆድ ውስጥ እንዳለ ያወቅኩት በኋላ ነው። እኔ ላይም መገኘቱ ስለ ደረቴ ምንም አይናገርም ነበር። መርፌ ወጉኝ፣ የሦስት ዓይነት መድኃኒት ማዘዣ ሰጡኝ፣ እረፍት አድርግ ብለው ሸኙኝ።

ሰው ይህን ስነግረው ክሊኒኩን ይራገምልኛል። እኔ እርግማኑ ብዙም አይጥመኝም። ኢሲጂ የሚሉትን፣ የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚያሰፍረውን ምርመራ ማንሳት ነበረባቸው፣ እሱ እውነት ነው፤ ደረቴን አመመኝ ላለ የ52 ዓመት ሰው መጀመሪያ የሚደረገው እሱ ነው። ግን በሩን ከፍቼ ስገባ ያልኩት «ደረቴን አመመኝ» አይደለም። «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ነው ያልኩት። የበሽታውን ስም እኔው ይዤላቸው ሄድኩ፤ እነሱም ማኅተም መቱበት።

ቤታችን ኮንዶሚኒየም ነው፣ 4ኛ ፎቅ። ሊፍት የለውም። 72 ደረጃ ነው። እያንዳንዷን እየቆጠርኩ ነው የወጣሁት፤ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብያለሁ። ልቤ እየሞተ 72 ደረጃ አስወጣሁት። አሁን ሳስበው ጉልበቴ ይከዳኛል።

ባለቤቴ በሩን ስትከፍት ምንም አላለችም። ግንባሬን በመዳፏ ነካች፣ መዳፏን አየችው፣ ከዚያ ስልክ አነሳች። ታናሽ እህቷ ነርስ ናት። ስልኩ ክፍት ስለነበር ሰማኋት። ያመዋል ወይ አላለችም። «አልቦታል?» አለች።

«ሸሚዙ ይጨመቃል።»

«ቀዝቃዛ ነው?»

«በረዶ ነው።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ደረደረችው። ደም አስመልሶ ያውቃል? ሰገራው ጠቁሮ ያውቃል? አስፕሪን አይስማማህም ተብሎ ያውቃል? ሁሉንም የለም አልን። አማቴ የምትወስዳት ባለ 81 ሚሊ ግራም አስፕሪን ቤት ውስጥ ነበረች። «አራቱን ያኝካቸው፤ እንዳይውጥ፣ ያኝክ። በራሱ እግር ደረጃ እንዳይወርድ። አሁኑኑ ሆስፒታል።» ሲታኘክ ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፤ የሚረጋውን ደም እንዳይብስ ይይዘዋል። የጠየቀችኝም ለዚያ ነው። ሆዱ የሚደማ ሰው አስፕሪን ቢሰጡት ሌላ መዘዝ ነው።

ባለቤቴ 907 ስትደውል ልጄ ጎረቤት ጠራ። የ2ኛ ፎቁ ሰውዬ መኪናውን አስነስቶ ስለነበር አምቡላንሱን አልጠበቅንም። የፎቁ ጎረምሶች በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው እንደ ታቦት ተሸከሙኝ። በየደረጃው መታጠፊያ አንድ በር ይከፈታል፣ አንዲት እናት አማትባ «በስመአብ» ትላለች። አፈርኩ። ይታያችሁ፣ ልሞት ምንም ሳይቀረኝ ያሳሰበኝ የለበስኩት ካልሲ ቀዳዳ መሆኑ ነው።

ከሐውልቱ እስከ ሆስፒታሉ በር 6 ሰዓት ፈጀብኝ። መንገዱ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ሆስፒታሉ መጀመሪያ ቅድሚያ ክፍያ አለ። የገንዘቡን መጠን አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያረጃል። ባለቤቴ የእቁብ ሰብሳቢዋ ጋ ደወለች፤ ተራው የሌላ ሴት ነበር፤ ሴትየዋ «ውሰጂው» አለቻት። ልጄ ካርድ እያስወጣ፣ እሷ ስልክ ላይ እያለች፣ እኔን ኢሲጂ አነሱኝ። ሮዝ ወረቀት ነው፣ በትንንሽ ሳጥን የተሞላ። ዶክተሩ አንዴ አየውና ድምፁ ተቀየረ። ከእያንዳንዱ ሹል በኋላ ወደ መሬት መመለስ የነበረበት መስመር ሳይወርድ እንደ ጉብታ ተነፍቶ ቀርቷል። እርማት የለመደ ዓይን ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ እኔም ሳየው ልክ አልመሰለኝም።

በኋላ ተረጋግቼ ሳለ ይኸው ዶክተር የማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ሣለልኝ። «ጡጫዎትን ይጨብጡ አባቴ። ልብዎ ይህችን ታክላለች። በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ትመታለች።» ልብ ውስጡ ሁሌም በደም የተሞላ ነው። እሱ የሚጠጣው ግን ከዚያ አይደለም። በውጪው በኩል በተዘረጉ፣ ስፋታቸው 3 እና 4 ሚሊ ሜትር በሆነ ቧንቧዎች ነው ደም የሚደርሰው። የውኃ ቦቴ እየነዳ ከሌላ ቦታ በጆግ የሚጠጣ ሹፌር በሉት።

በእነዚያ ቧንቧዎች ግድግዳ ውስጥ ለዓመታት ስብ ይጠራቀማል። ላዩን ስስ ሽፋን ይይዘዋል። አንድ ቀን ሽፋኑ ይቀደዳል። ሰውነት የቆሰለ መስሎት ደም አርግቶ ቀዳዳውን ሊደፍን ይጣደፋል። ሲደፍን ቧንቧውን ጭምር ይደፍነዋል። ከዚያ በታች ያለው የልብ ጡንቻ ደም ያጣል። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ሰዓት በጨመረ ቁጥር የሚተርፈው ይቀንሳል። የሞተው እንደ ቆዳ አይተካም። በስድስት ስምንት ሳምንት ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ጠባሳ ደግሞ አይመታም። ሃርት አታክ የሚሉት ይህንን ነው።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የሰዓት ነው። በጊዜ ለደረሰ ሰው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ሥር መስጠት ነው። ሁለተኛው በቀጭን ሽቦ ገብቶ ቧንቧውን መክፈት ነው። ኢሲጂ ምንም ያላሳየ ሰው ቢሆንም ወዲያው «ነፃ ነህ» አይባልም። ትሮፖኒን የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ ጡንቻ ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚፈስ ነገር ነው። ከፍ ለማለት ጥቂት ሰዓት ስለሚፈልግ ደግመው ያዩታል። የእኔን ለማየት ደግሞ መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። ካት ላብ ወደሚሉት፣ የልብ ቧንቧ በሽቦ ወደሚከፈትበት ክፍል ገፉኝ።

በቀኝ እጄ አንጓ በኩል ነው የገቡት። አላስተኙኝም። ነርሷ «አባቴ፣ ትንፋሽዎን ይያዙ... አሁን ይልቀቁ» ትለኛለች። ስክሪኑ ላይ የልቤን ቧንቧዎች አየሁ። ቅጠል የረገፈበት ዛፍ ይመስላሉ። ከቅርንጫፎቹ አንዱ መሃል ላይ ቁርጥ ብሏል፤ ከዚያ በታች ባዶ ነው። ሽቦዋ ስታልፍ፣ ፊኛው ሲነፋ፣ እስቴንት የሚሉት የብረት መረብ ሲቀመጥ አየሁ። ከዚያ ቧንቧው እንዲታይ የሚረጩት ጥቁር ቀለም ሽው ብሎ ወደ ታች ወረደ። የቀረው ቅርንጫፍ ሞላ። ካርቶኖቹ በዚያው ቅጽበት ከደረቴ ላይ ወረዱ። ደስ አለኝ ማለት ይከብደኛል። አለቀስኩ። ነርሷ በጓንቷ ጀርባ እንባዬን ጠረገችልኝ።

ይህን ነገር ማን ጀመረው ብዬ በኋላ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1929 ቬርነር ፎርስማን የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ቀጭን ቱቦ በክንዱ ደም ሥር አስገብቶ እስከ ገዛ ልቡ ገፋው፤ ከዚያ በእግሩ ሄዶ ኤክስሬይ ተነሳ። አለቆቹ እብድ ነው አሉት። በ1956 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የልብን ቧንቧ ለመጀመሪያ ጊዜ በፊኛ የከፈተው ደግሞ አንድሬያስ ግሩንትሲግ ነው፣ በ1977 ዙሪክ ውስጥ። ታካሚው 38 ዓመቱ ነበር። እንደ እኔ ነቅቶ ነው የተሠራለት።

ከሁሉ ያጽናናኝ ግን የአይዘንሃወር ታሪክ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴን እ.ኤ.አ. በ1954 ዋሽንግተን ላይ የተቀበላቸው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት። በዓመቱ፣ መስከረም 1955፣ ዴንቨር ላይ ጎልፍ ሲጫወት ውሎ ሌሊት ደረቱን ያመዋል። ለሕዝብ መጀመሪያ የተነገረው ምን መሰላችሁ? ፕሬዚዳንቱ ሆዳቸውን አሟቸዋል። ሃርት አታክ መሆኑ የተነገረው በኋላ ነው። አጠገቡ የግል ሐኪም ያለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጨጓራ ከተባለ፣ እኔና ተልባዬ ምን ይፈረድብናል? ሰውዬው ድኖ በዓመቱ እንደገና ተመረጠ። እስከ 1969ም ኖረ።

እኛ ግን ከአሜሪካኖቹ የተለየ ችግር ያለብን ይመስለኛል። ቋንቋችን ራሱ ሁሉን ነገር ሆድ ውስጥ ይከታል። ልብ በአማርኛ የሚያስብ እንጂ የሚታመም አይደለም። ልብ በል፣ ልብ ግዛ፣ ልበ ሙሉ፣ ልበ ደንዳና። ሐዘኑን፣ ምሥጢሩን፣ ቅሬታውን የሚሸከመው ሆድ ነው። ሆዴ ባባ። ሆድ ባሰኝ። ሆድ ይፍጀው። የልብ ህመምንም ያው እዚያው ጨመርነው።

በዚያ ላይ ለበሽታው የረጋ ስም የለንም። ግማሹ «የልብ ድካም» ይለዋል። የልብ ድካም ግን ሌላ ነው፤ ልብ ደም የመርጨት አቅሙ ደክሞ እግር የሚያብጥበት፣ ጋደም ሲባል ትንፋሽ የሚያጥርበት በሽታ ነው። ሃርት አታክ ያገኘው ሰው በኋላ የልብ ድካም ሊመጣበት ይችላል፤ አንድ ግን አይደሉም። «የልብ ህመምተኛ» ሲባል ደግሞ የሚመጣብን ሕፃን ልጅ ነው። በጊዜው ያልታከመ የጉሮሮ ህመም መዘዝ አምጥቶ የልቡ ቫልቭ የተበላሸበት ልጅ። ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ያለውን የልብ ማዕከል የምናውቀውም በእነሱ ነው። ስለዚህ ሲጋራ የሚያጨስ የ52 ዓመት ጎልማሳ ደረቱን ሲይዝ ልብ ነው የሚል ሰው የለም። ሴቶች ሲሆኑ ደግሞ ይብሳል። አንዳንዴ ደረታቸውን ጭራሽ ላያማቸው ይችላል፤ ማቅለሽለሽ፣ የጀርባ ህመም፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ድካም ብቻ ይሆናል። የስኳር ህመምተኛም እንደዚሁ።

በአምስተኛው ቀን ቤት ገባሁ። ጠያቂው መጣ። ብርቱካን፣ ሙዝ፣ የታሸገ ጁስ፤ የጁሱ ስኳር ብቻ ሌላ በሽታ ያመጣል። «እንኳን እግዜር አተረፈህ» ይሉና ይቀመጣሉ። ቡና ይፈላል። ከዚያ ያው ነው። «የእኔም አጎት ልክ እንዳንተ ነበር። ድኖ ቤቱ ገብቶ ሁሉ ነበር...» ይሉና ባለቤቴ ዓይኗን ስታፈጥባቸው ያቆማሉ። የአጎታቸውን መጨረሻ ሌሊት እኔ እጨርሰዋለሁ።

ስለ ሌሊቱ ማንም አልነገረኝም ነበር። መድኃኒቱን፣ ምግቡን፣ ቀጠሮውን ነገሩኝ። ሌሊት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ ምቴን እየቆጠርኩ እንደማነጋ ግን አልተነገረኝም። ጎኔን ሲቆነጥጠኝ እነቃለሁ። ግሳት ሲመጣብኝ እነቃለሁ። ዜና እየሰማሁ እንባዬ ይመጣል፤ ስለ ጤፍ ዋጋ ነው ዜናው። ለዶክተሩ ስነግረው አልሳቀም። ከዚህ በሽታ ከተረፉት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ድብርት ውስጥ እንደሚገባ፣ እሱም እንደ ደም ግፊት ታይቶ የሚታከም መሆኑን ነገረኝ። አለመናገሬ ነበር ያስጨነቀው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበራ።

ኪኒኖቹ አምስት ናቸው። አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ አቶርቫስታቲን፣ ሜቶፕሮሎል፣ ኢናላፕሪል። የመጨረሻው ደረቅ ሳል አመጣብኝ። አማቴ ሳሌን ሰምታ «ብርድ ነው» አለች። ሁላችንም ሳቅን፣ እሷ ለምን እንደሳቅን አልገባትም። ሳሉ የታወቀ የመድኃኒቱ ጠባይ ስለሆነ በሎሳርታን ቀየሩልኝ። በወሩ ክሎፒዶግሬል ከየፋርማሲው ጠፋ። ልጄ ከፒያሳ ጀምሮ በቸርችል ወርዶ እስከ ስታዲየም «የለም» እየተባለ ዞረ። ሜክሲኮ ላይ አንዲት ፋርማሲስት ሁለት ቅጠል ሰጠችው። ይህችን ደም እንዳይረጋ የምታደርግ መድኃኒት ተሻለኝ ብሎ በራስ ማቆም አይቻልም። የገባው ብረት ለደም ባዕድ ነው፤ የሰውነት ሽፋን እስኪያለብሰው ድረስ ደም ሊረጋበት ይችላል። ለእኔ 12 ወር ተባልኩ። አሁን ሊያልቅ 15 ቀን ሲቀረው ነው ፍለጋ የምንወጣው።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምግብ ላይ ሁሉም ሰው ዶክተር ነው። ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ አሁን ዳንኩ ብዬ ነበር፤ ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። ግን ወጡ የሚሠራው በምን ነው? ጠዋት ብርድ ሲሆን ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ሞራ በሚረጋው ዘይት። የሚረጋው ዘይት የፓልም ነው፤ ግማሽ ያህሉ ቧንቧ የሚጎዳው ዓይነት ስብ ነው። የጾም መሆኑ ለልብ ምንም አይለውጥም። አሁን የሱፍ ዘይት እንገዛለን፣ ባነሰ መጠን። ሁለተኛ፣ የንስሐ አባቴን ልማከር ሄድኩ። ኪኒኔን ጠዋት መዋጥ አለብኝ፣ እስከ 9 ሰዓት መጾም አልችልም አልኳቸው። «ልጄ፣ መድኃኒት ምግብ ነው ያለህ ማነው? በሰዓቱ ውሰድ። ከፈለግህ ምላስህን ጹም» አሉኝ። ሐሜቴን ማን እንደነገራቸው እንጃ።

ሲጋራው ከሁሉም ከበደኝ። 30 ዓመት ከማኪያቶ ጋር ተጋብቷል። አሁንም ማኪያቶ ሳዝ እጄ ሳላዘው ኪሴን ይዳብሳል። ካቆሙ በአንድ ዓመት ውስጥ በሲጋራ የመጣው የልብ አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ከኪኒኖቹ ሁሉ ይህን ያህል የሚሠራ ስንቱ ነው? ደግሞ ነፃ ነው። እንዲያውም ብር ያተርፋል። አራት ጊዜ አቁሜ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። በአራተኛው ላይ ነኝ።

ድሮ እንዲህ የታመመን ሰው ለሳምንታት ከአልጋ አያስወርዱትም ነበር። አሁን በማግሥቱ ያስነሱሃል። እኔ መጀመሪያ ኮሪደር፣ ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ሜዳ ላይ። ችግሩ አዲስ አበባ ሜዳ የላትም። ቸርችልን ቁልቁል ወርጄ ሽቅብ በታክሲ እመለስ ነበር። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ ወንበር አለ፤ የት የት እንዳለ በቃሌ አውቀዋለሁ። የአካሄዱ ልክ፣ እያወሩ መራመድ መቻል ነው። መዝፈን ከቻልክ ፍጠን፣ ማውራት ካቃተህ ቀንስ። እስከ አምስተኛው ወር ከአማቴ ጋር ነበር የምራመደው። ትቀድመኛለች።

የቤቱ ደረጃ ሌላ ታሪክ ነው። መጀመሪያ 72ቱን ለመውጣት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። በየመታጠፊያው ጎረቤት ወንበር አወጣልኝ፤ የ1ኛ ፎቋ እናት ውኃ ጭምር። ደረጃ ላይ እየተቀመጥኩ በ18 ዓመት ያላወቅኳቸውን ሰዎች አወቅኩ። አንድ ቀን፣ ሰው የሚያፍርበትን ጥያቄ ዶክተሩን ጠየቅኩት። ከባለቤቴ ጋር... መቼ? እሱም ትንሽ አፈረ። «ሁለት ፎቅ ደረጃ ደረትዎን ሳያምዎት፣ ትንፋሽ ሳያጥርዎት ከወጡ ችግር የለም» አለኝ። ቤት መጥቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። «እኛ አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው» ብላ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልቤ በአንድ ምት ከያዘው ደም ስንቱን እንደሚረጭ በአልትራሳውንድ ይለካሉ። የጤነኛ ሰው ከ55 በመቶ በላይ ነው። ስወጣ 42 ነበርኩ። በሦስተኛው ወር 48። ዶክተሩ ደስ ብሎታል። እኔ እዚያ በጎደለው ውስጥ ስንቱ የስድስቱ ሰዓት እንደሆነ አሰላለሁ። የተልባው ሰዓት፣ የሰገራ ምርመራው ሰዓት፣ የ72ቱ ደረጃ ሰዓት።

ሥራ የተመለስኩት በሁለት ወሬ ነው። ባለፈው ሐሙስ ያ ኦሜፕራዞል የሰጠኝ የማሽን ልጅ ደረቱን ይዞ ወረቀት ክምር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ምን ሆንክ?»

«ጨጓራዬ ነው ጋሼ። ጥሬ ሥጋ በልቼ ነው።»

ግንባሩን ነካሁት። ደረቅ ነበር። ቢሆንም ተነስ አልኩት። 34 ዓመቱ ነው፣ ያጨሳል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይቅማል። እየተነጫነጨ ተከተለኝ። በታክሲ ይዤው ሄጄ ኢሲጂ አስነሳሁት፤ የደም ምርመራውን ደግመው እስኪያዩ ሦስት ሰዓት ወንበር ላይ ጠበቅን። ንጹሕ ነው። ዶክተሯ ሆዱን ነካክታ ጨጓራ ነው አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማሽን ክፍል በገባሁ ቁጥር «ጋሼ፣ የኢሲጂ ብሬን» ይለኛል። ዛሬ ግማሹን ሰጠሁት።